የውቅያኖሱን ተሸካሚዎች የእኛን ዕዳ አናሸክማቸው

መልካም ዜና የተራበ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል። በ2025 አጋማሽ ላይ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ቅነሳውን ለእናንተ ትቻለሁ) ከወደ አንታርክቲካ አንድ የሚጎረስ ዜና መጣ። ሊምኖሎጂ ኤንድ ኦሽኖግራፊ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በደቡባዊው ውቅያኖስ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እንስሳት በየዓመቱ 65 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ከ500 ሜትር በታች ወዳለው ጥልቅ ውኃ ያወርዳሉ አለ። ስልሳ አምስት ሚሊዮን ቶን! ዜናው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲዞር እየጣፈጠ ሄደና መጨረሻ ላይ "ትንንሾቹ ጀግኖች ዓለምን እያዳኑልን ነው" ወደሚል ነገር ተለወጠ።

ጀግንነታቸውን አልክድም። "እያዳኑልን" የምትለዋ ቃል ግን አልዋጥልህ ብላኛለች። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ እንስሶቹ የሚሠሩትን ማየት አለብን። እውነቱን ለመናገር ከክርክሩ ይልቅ እሱ ይጣፍጣል።

ስማቸው ዙፕላንክተን ነው። "ፕላንክተን" የሚለውን ስም በ1887 ያወጣው ቪክቶር ሄንሰን የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን ቃሉን የወሰደው ከግሪክኛ ነው፤ ተንከራታች እንደማለት። የባሕሩ ሞገድ ወደወሰዳቸው ይሄዳሉ ለማለት ነው። በፀሐይ ብርሃን እንደ ዛፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብ የሚለውጡት ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ፤ እነሱን እየበሉ የሚኖሩት እንስሶቹ ደግሞ ዙፕላንክተን። ስሙ ግን የእንስሶቹን ግማሽ ጠባይ ብቻ ነው የሚናገረው። ወደ ጎን አዎ፣ ይንከራተታሉ። ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ግን እንደነሱ መንገዱን የሚያውቅ ፍጡር ማግኘት ያስቸግራል።

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሌሊቱን ሲበሉ ያድራሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተመልሰው ይወርዳሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምግቡ ያለው ብርሃን ባለበት በላይኛው ውኃ ነው፤ በቀን እዚያ የተገኘ ግን ዓይን ያለው ዓሣ ሁሉ ይለቅመዋል። ስለዚህ በጨለማ በልቶ ጨለማ ውስጥ መዋል ነው። ርቀቱን ደግሞ አስቡት። ሦስት ሚሊ ሜትር የምታክል እንስሳ 300 ሜትር ወረደች ማለት የራሷን ቁመት መቶ ሺህ ጊዜ ተጓዘች ማለት ነው። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው የራሱን ቁመት መቶ ሺህ ጊዜ ቢሄድ 170 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዝዋይ ይደርሳል፤ ያውም ለእራት! ከዚያ ለቁርስ ሰዓት ይመለሳል። የሴሬንጌቲ የዱር እንስሳት ፍልሰት በዓመት አንድ ዙር ሆኖ ፊልም ሲሠራለት ኖሯል። ይሄኛው በየቀኑ የሚደረግ፣ በክብደትም በምድራችን ላይ ትልቁ የእንስሳት ጉዞ ነው።

ይሄን ሁሉ ሕዝብ የሰው ልጅ በደንብ የታዘበው በጦርነት ሰበብ ነው። በ1942 አሜሪካኖች የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት ሳንዲያጎ አካባቢ ሶናር ይሞክሩ ነበር። ሶናር ማለት ድምፅ ወደ ውኃው ልኮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ መስማት ነው። እና ድምፁ ከባሕሩ ወለል በፊት፣ ከመቶዎች ሜትር ጥልቀት ላይ ከአንድ ነገር ጋር እየተጋጨ ይመለስ ጀመር። ወለል ነው እንዳይባል ወለሉ ከዚያ በጣም ይርቃል። ነገርየው "ሐሰተኛ ወለል" እስከመባል ደረሰ። በ1945 ማርቲን ጆንሰን የሚባል የስክሪፕስ ተቋም የባሕር ሊቅ ሌሊትና ቀን ሲከታተለው "ወለሉ" ማታ ይነሳል፣ ጠዋት ይወርዳል! የሚወጣና የሚወርድ ወለል ደግሞ የለም፤ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ በዚያ ታወቀ።

ወደ ካርቦኑ እንግባ።

ላይ የሚኖረው ፋይቶፕላንክተን ከአየር ወደ ውኃ የገባውን ካርቦን ይዞ አካሉን ይሠራል። እዚያው ላይ ቢሞትና ቢበሰብስ ካርቦኑ ብዙም ሳይቆይ ወደ አየር ይመለሳል፤ ምንም አልተሠራም ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ እንግዲህ ካርቦኑ "ምን ያህል ጥልቅ ወረደ?" የሚለው ነው። ነፋስና የክረምት ቅዝቃዜ የላይኛውን ውኃ ያማስለዋል። ከዚያ ማማሰያ በታች የደረሰ ካርቦን ግን ጥልቁ ውኃ እስኪወጣ ድረስ አሥርታት፣ አንዳንዴም መቶ ዓመታት ይቆያል። ዙፕላንክተን የሚሠራው ይሄንን የማውረድ ሥራ ነው። ሌሊት ላይ የበላውን ቀን ታች ሆኖ ይተነፍሰዋል፤ ታች ሆኖ ይጸዳዳል። ኩሱም ጠጠር ያለ ስለሆነ ከተበታተነ አልጌ ይልቅ ፈጥኖ ይሰምጣል። የዓለም አየር ንብረት በከፊል በኩስ ላይ የቆመ ነው ብል ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ፣ ግን እውነት ነው።

የ2025ቱ ጥናት ያተኮረው ግን በዕለቱ ጉዞ ላይ አይደለም፤ በዓመቱ ጉዞ ላይ ነው። የደቡቡ ዋልታ በጋ አጭር ነው። በነዚያ ጥቂት ወራት ኮፔፖድ የሚባሉት እንስሳት (የእንባ ዘለላ ላይ ሁለት ረጃጅም አንቴና ተክላችሁ አስቡ) እየበሉ ስብ ያከማቻሉ። ብርሃኑ ሲያልቅ ከ500 ሜትር በታች ወርደው ያንን ስብ ቀስ እያሉ እያቃጠሉ ክረምቱን ያሳልፋሉ። በፀደይ የተረፉት ይወጣሉ፤ ያልተረፉት እዚያው ይቀራሉ። ሲተነፍሱ የወጣው ካርቦን ግን የሁሉም እዚያው ታች ይቀራል። ጥናቱ ድርሻቸውንም አስልቷል፤ ከ65ቱ ሚሊዮን ቶን 80 በመቶው የኮፔፖድና የመሰሎቻቸው፣ 14 በመቶው ሽሪምፕ የሚመስለው ክሪል፣ 6 በመቶው ሳልፕ የሚባለው ብርጭቆ መሰል እንስሳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። ሬሳና ኩስ ሲሰምጥ ካርቦኑን ብቻ ሳይሆን ናይትሮጅኑን፣ ፎስፎረሱን፣ ብረቱን ጭምር ይዞ ነው የሚሄደው። ላይ ለሚቀረው ፋይቶፕላንክተን ማዳበሪያው ተወሰደበት ማለት ነው። ስብ ግን ከሞላ ጎደል ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ ማዳበሪያ የለበትም። ስለዚህ በስብ መልክ የወረደ ካርቦን ላይኛውን ማሳ ሳያራቁት ይወርዳል። ይሄንን ነገር በ2015 በሰሜን አትላንቲክ ካላነስ ፊንማርኪከስ በምትባል ኮፔፖድ ላይ ያጠኑት ሲግሩን ዮናስዶቲርና ባልደረቦቿ ናቸው። በዚያ ባሕር በስብ የሚወርደው ካርቦን በብናኝ መልክ ከሚሰምጠው ጋር የሚፎካከር ሆኖ አገኙት። ከዚያ በፊት በነበረው የካርቦን ሒሳብ ውስጥ ይሄ ስብ የራሱ መስመር አልነበረውም።

እንግዲህ ወደ "እያዳኑልን" እንመለስ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 65 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ 240 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። የሰው ልጅ በ2024 ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይት፣ ከጋዝና ከሲሚንቶ ያወጣው ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። አካፍሉት። የደቡባዊው ውቅያኖስ እንስሳት ዓመቱን ሙሉ ወርደው ወጥተው የሚያከማቹትን እኛ ከሁለት ቀን ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ እናጨሰዋለን።

ይሄ ግን ዋናው ነገሬ አይደለም፤ ቁጥር ትንሽ ነው ብዬ እንስሶቹን ላሳንስ አልመጣሁም። ዋናው ነገር ይሄ 65 ሚሊዮን ቶን አዲስ አለመሆኑ ነው። እንስሶቹ ይሄንን ሥራ የእንፋሎት ሞተር ሳይፈጠር፣ ላሊበላ ሳይወቀር፣ አክሱም ሳትቆረቆር ሲሠሩት ኖረዋል። ድሮም ይወርድ ነበር፣ ድሮም ሌላ ቦታ ላይ ጥልቁ ውኃ እየወጣ ያንኑ ያህል ይመልስ ነበር፤ አየሩ በዚያ ሚዛን ላይ ነበር የቆመው። ውቅያኖስ ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ያህል ይውጥልናል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ያ መዋጥ በአብዛኛው የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሥራ ነው፤ አየሩ ላይ ጋዙ ሲበዛ ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ኮፔፖዶቹ እኛ ፋብሪካ ስለከፈትን ትርፍ ሰዓት አልገቡም።

ልጅ ሆኖ ከአባቱ የባንክ ተቀማጭ የወረሰን ሰው አስቡ። በየወሩ ከደመወዙ በላይ ያጠፋል። ሲጠየቅ ደብተሩን አውጥቶ "ይኸው ቁጠባ አለኝ" ይላል። ያለውስ አለው፣ ግን እሱ አላጠራቀመውም፤ የዚህን ወር ዕዳም አይከፍልለትም። ዙፕላንክተኑ ለእኛ እንደዚያ ተቀማጭ ነው። ካለ አዲስ ትርፍ የለንም፤ ከጠፋ ግን ከስረናል። በየዓመቱ ሲወርድ የነበረው ካርቦን መውረዱን ሲያቆም ጥልቁ የያዘውን መመለሱን አያቆምም፤ ልዩነቱ አየር ላይ ይቀራል። "ያድኑናል" በሚለውና "ካጠፋናቸው እንጎዳለን" በሚለው መካከል ያለው ርቀት ይሄ ነው።

ይሄ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብ አለበት። የካርቦን ሽያጭ ምን እንደሆነ እኛ አገር በሑምቦ እናውቃለን። ወላይታ ውስጥ ወደ 2,700 ሄክታር የሚሆን የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶና ሥር ደኑ መልሶ እንዲያድግ ተደርጎ፣ ፕሮጀክቱ በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበና ማኅበረሰቡ የካርቦን ክፍያ አገኘ። ያ ሽያጭ ትርጉም የነበረው ሰዎች ከብታቸውን ከልክለው፣ ጉቶ ተንከባክበው፣ ባይሠሩት የማይኖር ካርቦን ስላስቀመጡ ነው። ማንም ሰው ምንም ሳይሠራ ለሚሊዮን ዓመታት ሲካሄድ የኖረውን የኮፔፖድ ጉዞ "የእኔ ካርቦን ነው" ብሎ ሊሸጥ ቢመጣ ግን የሚሸጠው ነፋስ ነው።

"እሺ፣ እንጨምረውስ? ብዙ አልጌ አብቅለን እንስሶቹን ሥራ ብናበዛላቸውስ?" የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። በ2009 መጀመሪያ ላይ የጀርመንና የሕንድ ተመራማሪዎች ፖላርሽተርን በምትባለው መርከብ ወደ ደቡብ ወርደው፣ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያክል ውኃ ላይ የተሟሟ ብረት በተኑ። ሎሃፌክስ ይባላል ሙከራው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እዚያ ባሕር ውስጥ የጎደለው ብረት ስለሆነ አልጌው ይበቅላል፣ ከዚያ ይሰምጣል። አልጌው በቀለ። ከዚያ ኮፔፖዶች መጡና ጋጡት። ኮፔፖዶቹን ደግሞ አምፊፖድ የሚባሉ ትላልቆቹ በሏቸው። ወደ ታች የወረደው ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ በ2004፣ በዚያው ውቅያኖስ ሌላ ቦታ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ላይ ግን ሼል ያላቸው አልጌዎች ስለበቀሉ ብዙው ሰምጦ ነበር። ያው ብረት፣ ያው ውቅያኖስ፣ ሌላ ውጤት። ማን እንደበቀለና ማን እንደበላው ነው የሚወስነው፤ እሱን ደግሞ ከመርከብ ላይ ሆኖ ማዘዝ አይቻልም።

መጨመር ካልቻልን ቢያንስ አለመቀነስ በእጃችን ነው። ለዚህም ነው ክሪልን ማንሳት ያለብኝ።

የደቡብ ዋልታ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የተጠናው እኮ ለእንስሶቹ ተብሎ አልነበረም። እንግሊዞች በ1925 ዲስከቨሪ የተባለውን ጥናት የጀመሩት የዓሣ ነባሪ አደን እንዲቀጥል ዓሣ ነባሪው የሚበላውን ለማወቅ ነው፤ ወጪውም የተሸፈነው ከዓሣ ነባሪ ዘይት ላይ በተሰበሰበ ቀረጥ ነበር። በዚያ ዘመን የተጀመረው የመረብ መረጃ ነው እስከ 2025ቱ ጥናት ድረስ ያገለገለው። ዓሣ ነባሪዎቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሚሊዮን ተጨፈጨፉ። አሁን ተራው የምግባቸው ሆኗል። ክሪል በትላልቅ መርከቦች ይጠመዳል፤ ለሳልመን እርባታ መኖ፣ ለኦሜጋ 3 እንክብል፣ ለውሻና ድመት ምግብ ይውላል።

ይሄንን የሚቆጣጠረው ካምላር የሚባል፣ ከ1982 ጀምሮ ያለ ኮሚሽን ነው፤ መቀመጫው አውስትራሊያ፣ ሆባርት። ዋናው የማጥመጃ ቀጣና በሆነው በደቡብ አትላንቲክ ክፍል በዓመት 620,000 ቶን ሲሞላ ማጥመድ ይቆማል። ይሄ መጠን በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ እንዳይጠመድ በአራት ንዑስ ቀጣናዎች የሚያከፋፍል ደንብም ከ2009 ጀምሮ ነበር። በ2024 አባላቱ ደንቡን ማደስ አቃታቸው። ውሳኔ የሚያልፈው በሙሉ ስምምነት ስለሆነ አንድ አገር እምቢ ካለ በቂ ነው። ውጤቱ ብዙ አልቆየም፤ በ2025 የማጥመጃ ወቅት፣ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 620,000 ቶኑ ሞላና ማጥመዱ ከጊዜው ቀድሞ ተዘጋ።

አጥማጆቹ መልስ አላቸው፤ መስማትም ተገቢ ነው። በ2019 የተደረገው ቆጠራ በዚያ ቀጣና ከ60 ሚሊዮን ቶን በላይ ክሪል እንዳለ ገምቷል፤ እኛ የምንወስደው አንድ በመቶ ገደማ ነው ይላሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። ጉዳዩ ግን አንዱ በመቶ ከየት ተወሰደ የሚለው ላይ ነው። መርከብ ውቅያኖሱን እኩል አይጠርግም፤ መንጋው በተከማቸበት፣ በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር አካባቢ ይሰበሰባል። ፔንጉዊኑም ዓሣ ነባሪውም እዚያው ነው የሚበላው። የክሪል ኩስ በብዛት የሚሰምጠውም መንጋው ባለበት ነው። ከጠቅላላ ሀብትህ አንድ በመቶ ወሰድኩ የሚል ሰው ያንን አንድ በመቶ ከኪስህ ካወጣው ማታ ታክሲ የምትከፍለው አይኖርህም።

ሐቀኛ ለመሆን ያህል፣ የክሪል ማጥመድ ነገ ቢቆምም የሥራው 80 በመቶ የኮፔፖዶቹ ነው፤ እነሱን ደግሞ እዚያ የሚያጠምዳቸው የለም። የእነሱ አደጋ ውኃው መሞቁ ነው። እንቅልፍ ላይ ያለ እንስሳ ውኃው በሞቀ ቁጥር ስቡን ቶሎ ይጨርሳል። ክሪሉም ራሱ ሸሽቷል፤ በ2019 የወጣ ጥናት በደቡብ አትላንቲክ የክሪል መኖሪያ ማዕከል በ90 ዓመት ውስጥ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ እንደሄደ አሳይቷል። ከዚያ ወዲያ አህጉሩ ነው፤ ወደ በረዶ ተራራ አይወጣም። የክሪል ጫጩት ክረምቱን የሚያሳልፍበት የባሕር በረዶ ደግሞ በ2023 ክረምት በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ነዳጅ እያቃጠሉ ለኮፔፖድ የጀግና ሜዳልያ መስጠት ለእኔ ከስድብ ይቆጠራል።

እኛን ምን አገባን? ባሕር የለንም፣ ክሪል አናጠምድም። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ በ2027 አዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። በየአዳራሹ "ሰማያዊ ካርቦን" ሊሸጥ የሚመጣ አይጠፋም። ከእናንተ መካከል በጎ ፈቃደኛ፣ አስተርጓሚ፣ ጋዜጠኛ ሆናችሁ የምትገቡ ትኖራላችሁ። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፤ "ይሄ ካርቦን እናንተ ባትኖሩ አይወርድም ነበር?" በሉት። ፊቱን እዩት።

ለመንግሥታቱ የሚሆነው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። የካምላር ስምምነት በ1980 ሲፈረም ክሪሉን የሚበሉትን እንስሳት አስቦ ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ካርቦን ግን የሚል ቃል የለበትም። አሁን ቁጥሩ አለ። የክሪል ኮታ ሲወሰን የሚወርደው ካርቦን አብሮ ይቆጠር፣ የፈረሰው የማከፋፈያ ደንብ ይመለስ፣ እስኪመለስ ድረስም በልሳነ ምድሩ ዙሪያ ያለው ማጥመድ ይቀነስ ማለት ቅንጦት አይደለም። ከአፍሪካ የኮሚሽኑ አባል የሆኑት ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ናቸው፤ የአፍሪካ ተደራዳሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ ሁለቱም ወንበር አላቸው። ካምላር በየዓመቱ በኦክቶበር ይሰበሰባል። አዲሱ የማጥመጃ ወቅት የሚከፈተው ዲሴምበር 1 ነው።